የጠፉ የሚመስሉ ፎልደሮች፤ የሲስተም አድራሻዎች ታሪክና የስክሪፕቶች መሰናከል

መግቢያ

ሥራውን ለረጅም ጊዜ ያለ እንከን ሲፈጽም የቆየ ስክሪፕት አንድ ቀን በድንገት «የሲስተሙን ፎልደር አላገኘሁም» ብሎ ሲቆም፣ አብዛኞቻችን በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ነካው?» ብለን ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው፣ ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ያለ ቦታው የሚቀርብ መሆኑንና መልሱም ከሰው ጥፋት ይልቅ በታሪክ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ነው። ስክሪፕት ስንል ኮምፒዩተሩ በተራ እንዲፈጽማቸው አስቀድመው የተጻፉ ትእዛዞችን ማለታችን ነው፤ አድራሻ ስንልም አንድ ፋይል ወይም ፎልደር ከዲስኩ ሥር ተነሥቶ የሚደረስበትን መንገድ ማለታችን ነው። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። የጥናት ማስታወሻዎቻችንን በየማታው ገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚልክ አንድ አነስተኛ ስክሪፕት ነበረን። ስክሪፕቱ ለመላኪያ የሚጠቀምበት መሣሪያ የተቀመጠው በዊንዶውስ «ሲስተም32» ፎልደር ውስጥ፣ «ኦፕን ኤስኤስኤች» በተባለው ፎልደር ነው። አንድ ቀን የሥራ መዝገቡን ስንመለከት፣ ስክሪፕቱ ለ9 ሌሊት ምንም ነገር አለመላኩንና በየሌሊቱ «ፎልደሩ የለም» የሚል ቃል ብቻ መጻፉን ተረዳን። በ9ኙ ሌሊት ውስጥ አንዱ ዲስክ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ የብዙ ሰው ድካም በከንቱ በቀረ ነበር። ስለዚህ ተቈጣን፤ ኮምፒዩተሩን የሚጠብቀውን ጓደኛችንንም «ሳታውቅ አጥፍተኸዋል» ብለን በሰው ፊት ወቀስነው። እርሱ ግን ክርክር አላበዛም፤ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ፎልደሩን በቦታው እንዳለ አሳየን። እኛ በዐይናችን የምናየውን ፎልደር ስክሪፕቱ እንደምን የለም ሊል ቻለ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሶ የነገሩን አመጣጥ መመርመር ግድ ሆነብን።

1. የአድራሻዎች አመጣጥ

ዛሬ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የምናገኛቸው የሲስተም ፎልደሮች ስሞች የተወረሱት በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ከጀመሩት ከዩኒክስ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ይሠሩበት የነበረው ኮምፒዩተር አንድ ሚሊዮን ባይት የሚይዝ አንድ ቋሚ ዲስክ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ባይት የሚይዙ አራት ተነቃይ ዲስኮችና አንድ ባለ40 ሚሊዮን ባይት ዲስክ ነበረው። ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ የሚያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከነዚያ ትንንሽ ዲስኮች በአንዱ ላይገባ ይችላል።

የቦታው ጥበት ስለ አድራሻዎቹ ብዙ ያስረዳል። ለሁሉም የሚያስፈልጉ ትእዛዞች «ቢን» በሚባለው ፎልደር ተቀመጡ፤ የተጠቃሚዎቹ የግል ፎልደሮች ደግሞ «ዩኤስአር» በሚባለው ሥር ነበሩ፤ ስሙም ተጠቃሚ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአጭሩ የተወሰደ ነው። ነገር ግን ትእዛዞቹ እየበዙ ሲሄዱ የመጀመሪያው ዲስክ አልበቃ ስላለ፣ የተረፉት በ«ዩኤስአር» ሥር ሌላ «ቢን» ተሠርቶላቸው ወደዚያ ተዛወሩ። በ1979 የወጣው የዩኒክስ ሰባተኛ እትም መመሪያም ሁለተኛው «ቢን» የተሠራው የመጀመሪያው እንዳይበዛ ተብሎ መሆኑን ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ወደ ሌላ ፎልደር ወጡ፤ «ዩኤስአር» የሚለው ስም ግን ተጠቃሚ የሌለበት ቤት ሆኖ እስከ ዛሬ ቀረ። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘበት የተሰበረ ባቡር ዛሬ በቦታው የለም፤ ስሙ ግን አለ፤ መንገደኛም በስሙ ይደርሳል።

ትእዛዞቹ በሁለት ቤት ከተከፈሉ በኋላ ኮምፒዩተሩ አንዱን ትእዛዝ የት እንደሚፈልገው ማወቅ ነበረበት። በ1974ቱ ጽሑፍ ላይ ሼሉ፣ ማለት የተጠቃሚውን ቃል ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ትእዛዙን በተጠራበት ስም ካጣው በ«ቢን» ውስጥ እንደገና ይፈልገው ነበር። በሰባተኛው እትም ግን ይህ ልማድ «ፓዝ» በሚባል ዝርዝር ተተካ። ፓዝ ትእዛዝ የሚፈለግባቸው ፎልደሮች በተራ የተጻፉበት ሐረግ ነው፤ ሼሉም ከመጀመሪያው ጀምሮ በየተራው ይፈልጋል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ፎልደር፣ ምንም እንኳ በዲስኩ ላይ ቢኖር፣ ለፈላጊው እንደሌለ ይቈጠራል። «አለ» እና «ይገኛል» የሚሉት ሁለት ቃሎች የተለያዩት ከዚህ ላይ ነው።

2. የዊንዶውስ ስሞች

በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ የተሰጡ ነበሩ። በ1983 አይቢኤም 10 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ቋሚ ዲስክ ያለበትን ኮምፒዩተር ሲያቀርብ፣ አብሮት የወጣው ሁለተኛው ዶስ የፎልደሮችን ዛፍና የፓዝን ዝርዝር ከዩኒክስ ወሰደ። ይሁን እንጂ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ሰረዝ በዶስ ለትእዛዝ ምርጫዎች ምልክት አስቀድሞ ተይዞ ስለነበረ፣ አድራሻዎቹ ወደ ግራ በሚያዘነብለው ሰረዝ እንዲከፈሉ ሆነ። ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ስክሪፕት የሚያዛውር ሰው ዛሬም የሚሰናከልበት የሰረዝ ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው።

በ1993 ዊንዶውስ ኤንቲ ሲወጣ፣ የባለ32 ቢቱ ሲስተም ፋይሎች ከቀድሞዎቹ የባለ16 ቢት ፋይሎች እንዲለዩ «ሲስተም32» የሚባል ፎልደር ተሰጣቸው። ሲስተሙ ሁሉ የሚቀመጥበት ዋናው ፎልደር ደግሞ በ2000 በወጣው ዊንዶውስ «ዊንኤንቲ» ይባል ነበር፤ በ2001 በወጣው ኤክስፒ ግን «ዊንዶውስ» ተባለ። ከዚህም የሚገርመው፣ ከአሮጌው ወደ ኤክስፒ የተሻሻለ ኮምፒዩተር የቀድሞውን ስም እንደያዘ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ ዐይነት ሲስተም ይዘው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አድራሻቸው የተለያየ ሊሆን ይችል ነበር። «ዊንኤንቲ» ብሎ በቃሉ የጻፈ ስክሪፕት በአንዱ ላይ ሲሠራ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ የሲስተሙን ፎልደር «ሲስተምሩት» በሚባለው፣ ሲስተሙ ራሱ በሚሞላው ስም የጠየቀ ስክሪፕት ግን በሁለቱም ላይ ይሠራል።

የተጠቃሚዎቹም ፎልደሮች እንዲሁ ተዛውረዋል። በኤክስፒ ዘመን «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ሥር የነበሩት በ2007 ለሕዝብ በቀረበው በቪስታ «ዩዘርስ» ወደሚባለው ገቡ። ማይክሮሶፍት በአሮጌው ስም ቦታ ወደ አዲሱ የሚመራ መጠቈሚያ ትቶአል፤ ሆኖም ውስጡን ለመዘርዘር የሚሞክር ፕሮግራም ፈቃድ ይከለከላል። በአሮጌው በር ማለፍ ይቻላል፤ በሩ ላይ ቆሞ ማየት ግን አይቻልም።

3. ቤቱ ሲዛወር

በዩኒክስ ልጆችም ዘንድ የጥንቱ ክፍፍል መጠየቁ አልቀረም። የሊኑክስ ሰዎች በ1994 የፎልደሮችን አቀማመጥ የሚወስን የጋራ ደንብ አወጡ። ሁለቱን «ቢን» ያለያየው የዲስክ ጥበት ከቀረ ግን ብዙ ዘመን ሆኖት ነበርና፣ ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ በ2012 ሁለቱን አንድ አደረጋቸው፤ ደቢያንም በ2023 ባወጣው 12ኛ እትም ይህንኑ ግዴታ አደረገው። በሁለቱም ዘንድ በአሮጌው አድራሻ ላይ መጠቈሚያ ስለተተወ የድሮ ስክሪፕቶች አልወደቁም። የሚወድቀው በተቃራኒው ነው፤ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ በአዲሱ አድራሻ ብቻ የተጻፈ ስክሪፕት ወደ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲወሰድ የሚፈልገውን ሊያጣ ይችላል።

የአፕል መንገድ ከዚህ የጠነከረ ነበር። በ2015 የወጣው የማክ ሲስተም የሲስተሙን ፎልደሮች፣ የኮምፒዩተሩ ባለቤት ጭምር እንዳይነካቸው አጠረ። በ2019 የወጣው ካታሊና ደግሞ ሲስተሙን ለንባብ ብቻ በተከፈተ የተለየ ክፍል አኖረው፤ ሰዎች በዲስኩ ሥር ላይ በገዛ እጃቸው ያስቀመጡአቸውን ፎልደሮችም አንሥቶ የተዛወሩ ዕቃዎች በሚል ስም በሌላ ቦታ አከማቻቸው። በ2022 መጋቢት ወር በወጣው ማሻሻያ ከሲስተሙ ጋር ይመጣ የነበረው ሁለተኛው ፓይተን ጨርሶ ተነሣ። በነዚህ ሁሉ ጊዜ ማታ ሲሠራ ያደረ ስክሪፕት ጧት ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ከስክሪፕቱም ውስጥ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

4. አንድ አድራሻ ለሁለት ጠያቂዎች

እስካሁን ያየነው ቤት ሲዛወር ነው። የእኛ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነበረ፤ ፎልደሩ አልተዛወረም፤ የተለወጠው ጠያቂው ነው።

በ2005 ባለ64 ቢቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ለተራው ኮምፒዩተር ሲዘጋጅ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ሲስተም32» የሚለውን ስም በየሥራቸው ውስጥ ጽፈውት ነበር። ስሙ ቢለወጥ እነዚህ ሁሉ ሊወድቁ ሆነ። ስለዚህ ስሙ እንዳለ ቀረና የባለ64 ቢቱ ፋይሎች መኖሪያ ሆነ፤ የባለ32 ቢቱ ፋይሎች ደግሞ «ሲስዋው64» ወደሚባለው ፎልደር ገቡ። እንግዲህ ስሙ 32 የሚለው 64ን ይዞ፣ 64 የሚለው 32ን ይዞ ይገኛል ማለት ነው። ባለ32 ቢት ፕሮግራም «ሲስተም32» ብሎ ሲጠይቅም ሲስተሙ ምንም ሳይናገር ወደ «ሲስዋው64» ይመራዋል። ሰውዬው ቤት ደርሶ በሩን አንኳኳ፤ የተከፈተለት ግን የጎረቤቱ ቤት ነው፤ እርሱም ይህን አላወቀም።

የእኛን ስክሪፕት በየማታው ያስነሣው የነበረው ፕሮግራም ከ9 ሌሊት በፊት በሌላ ተተክቶ ነበር፤ የተተካውም ባለ32 ቢት ነበር። «ኦፕን ኤስኤስኤች» ያለው በእውነተኛው «ሲስተም32» ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ስክሪፕቱ «የለም» ማለቱ ከቆመበት ቦታ ሲታይ እውነት ነበረ። ለእንደዚህ ያለው ጠያቂ ከቪስታ ጀምሮ «ሲስኔቲቭ» የሚባል ሌላ ስም ተሰጥቶታል፤ በዚህ ስም ሲጠይቅ ወደ እውነተኛው ፎልደር ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ስም ለባለ64 ቢት ፕሮግራም አይታይም፤ ስለዚህ ሳያመዛዝን የሚጠቀምበት ሰው አንዱን እንከን በሌላ እንከን ይለውጣል። የማስነሻውን ፕሮግራም የተካነው እኛው ራሳችን ነበርንና፣ ጓደኛችንን በወቀስንበት ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀናል።

በዩኒክስ ወገንም ተመሳሳይ ነገር አለ። በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስነሣው «ክሮን» ለስክሪፕቱ የሚሰጠው የፓዝ ዝርዝር እጅግ አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱን «ቢን» ብቻ ይይዛል። ጸሐፊው በቀን በእጁ ሲሞክረው በራሱ ረጅም ዝርዝር ስለሚጠቀም ይሠራለታል፤ በሌሊት ክሮን ሲያስነሣው ግን ትእዛዙን ያጣል።

5. የቋንቋ ነገር

አድራሻ በቋንቋም ይለያያል። በኤክስፒ ዘመን «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለው ፎልደር በጀርመንኛው ዊንዶውስ «ፕሮግራመ»፣ በስፔንኛው «አርቺቮስ ዴ ፕሮግራማ» ይባል ነበር። በእንግሊዝኛ ስም የተጻፈ ስክሪፕት በነዚያ አገሮች ይወድቅ ነበር ማለት ነው። ከቪስታ ወዲህ በዲስኩ ላይ ያለው ስም እንግሊዝኛ ሆኖ፣ ለዐይን የሚታየው ብቻ እየተተረጐመ ይቀርባል፤ ይህም በበኩሉ የሚታየውን ስም እውነተኛ አድራሻ ነው ብሎ የሚጽፈውን ሰው ያሳስተዋል።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ፊደላችን በዩኒኮድ የተመዘገበው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ከዩኒኮድ በፊት የነበረው የዊንዶውስ የፊደል ሠንጠረዥ አሠራር ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የተጠቃሚው ፎልደር በፊደላችን ሲሰየም፣ ዩኒኮድ የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም በየፊደሉ ምትክ የጥያቄ ምልክት ስለሚያነብ ፎልደሩን ሊያገኘው አይችልም። ዩኒኮድ የሚያውቀው እንኳ ሌላ ፈተና አለበት። «ሥራ» እና «ስራ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ቍጥሮች ስለሆኑ ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዲሁ። መምህሮቻችን የሆሄያትን ሥርዐት እንድንጠብቅ ሲመክሩን ስለ ቃሉ ምንጭ ብለው ነበር፤ አሁን ግን ስለ ፋይሎቻችን ደኅንነት ጭምር መጠበቅ ያስፈልጋል።

6. አደጋው ምን ላይ ነው?

አንባቢ «ፎልደር ያጣ ስክሪፕት ቢቆም ምን ጉዳት አለው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጉዳቱ ያለው ሳይቆም ሲቀር ነው። በ2015 መጀመሪያ ስቲም የሚባለው የጨዋታዎች ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ያደረሰው ጥፋት ለዚህ ምስክር ነው። አንድ ተጠቃሚ የስቲምን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮ በቦታው መጠቈሚያ ተወ። የፕሮግራሙ ስክሪፕት የራሱን ፎልደር አድራሻ ፈልጎ አጣ፤ አድራሻው ይጻፍበት የነበረውም ስፍራ ባዶ ቀረ። ስክሪፕቱ ግን አልቆመም፤ «በዚህ አድራሻ ሥር ያለውን ሁሉ አጥፋ» ወደሚለው ትእዛዝ አለፈ። አድራሻው ባዶ ስለሆነ ትእዛዙ «ከዲስኩ ሥር ጀምረህ ሁሉን አጥፋ» ማለት ሆነ፤ የተጠቃሚውም ፋይሎች፣ የግልባጭ ማስቀመጫው ዲስክ ጭምር፣ ጠፉ። የሚያሳዝነው፣ ከትእዛዙ በላይ ጸሐፊው ራሱ ነገሩ አስፈሪ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ፍርሃቱን በማስታወሻ ከመጻፍ ይልቅ ባዶነቱን የሚመረምር አንድ መስመር ቢጨምር ኖሮ ጥፋቱ ባልደረሰ ነበር።

7. የምርመራው ተራ

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን፣ ስክሪፕት የሲስተም ፎልደር አጣሁ ሲል ምርመራው በሚከተለው ተራ ቢካሄድ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ፣ ስክሪፕቱ የፈለገው አድራሻ ምን እንደሆነ ራሱ እንዲጽፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እኛ ፈለገ ብለን የምናስበውና በእርግጥ የፈለገው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉምና። እንደ «ፕሮግራም ፋይልስ» ያለው በመካከሉ ክፍት ቦታ ያለበት ስም በጥቅስ ምልክት ካልታጠረ፣ ከሁለት ተከፍሎ ግማሹ ብቻ ሲፈለግ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ይጣራ፤ በየትኛው ተጠቃሚ ስም፣ በባለ32 ወይስ በባለ64 ቢት፣ በእጅ ወይስ በሰዓት የተነሣ ነው? ሦስተኛ፣ የፓዙ ዝርዝር ከስክሪፕቱ ውስጥ ይታተምና በእጅ ሲሠራ ካለው ጋር ይነጻጸር። አንዳንድ ፕሮግራም ሲተከል ወይም ሰው በራሱ እጅ ሲጽፍ የቀድሞውን ዝርዝር አጥፍቶ አዲሱን ብቻ ሊተው ይችላል፤ «ሴትኤክስ» የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝም ከ1024 ፊደል የሚበልጠውን ይቈርጠዋል። አራተኛ፣ ስክሪፕቱ ለመጨረሻ ጊዜ በደኅና ከሠራበት ቀን ወዲህ ምን እንደ ተለወጠ ይጠየቅ። እኛ ይህን በመጀመሪያው ቀን ብንጠይቅ ኖሮ የተካነውን ፕሮግራም ወዲያው ባስታወስን ነበር።

መድኀኒቱ ግን ከምርመራው ይቀድማል። አድራሻን በቃል አጥንቶ ከመጻፍ ሲስተሙን መጠየቅ ይሻላል። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ለታወቁት ፎልደሮች ሁሉ የማይለዋወጥ መለያ ቍጥር ሰጥቶ፣ በዚያ ቍጥር ለጠየቀው ፕሮግራም የዕለቱን አድራሻ ይነግራል። መልሱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ስክሪፕቱ በዚያው ይቁም፤ መቆሙንም ሰው በሚያየው ቦታ ይናገር። የእኛው ስክሪፕት 9 ሌሊት የተናገረው ማንም በማያነበው መዝገብ ላይ ነበር።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የሲስተም ፎልደሮች ስሞች በአንድ ቀን በአንድ ሐሳብ የተደነገጉ አይደሉም። አንዱ ከዲስክ ጥበት፣ ሌላው ቀድሞ ከተያዘ የሰረዝ ምልክት፣ ሌላው የቀድሞ ፕሮግራሞችን ላለማፍረስ ከተደረገ ጥንቃቄ የመጣ ነው። ምክንያታቸው ካለፈ በኋላ ስማቸው ቀርቶአል፤ አንዳንዴም ስማቸው ቀርቶ ውስጣቸው ተለውጦአል። ስክሪፕት የሚጽፍ ተማሪ የትእዛዞቹን ሰዋስው ብቻ ሳይሆን የአድራሻዎቹንም ታሪክ ቢያውቅ፣ የሚጽፈው ከአንድ ማሻሻያ እስከ ሌላው ብቻ የሚቆይ አይሆንም። አንድ ነገር የለም ሲባልም፣ «ማን ነካው?» ከማለት በፊት «ማን ነው የጠየቀው? ከየትስ ቆሞ ነው የሚያየው?» ብሎ መጠየቅን እንማራለን። ይህን ቀድመን ተምረነው ቢሆን ኖሮ፣ ጓደኛችንን ያለ ጥፋቱ ባልወቀስነው ነበር።